የሦስት መንግሥታት ክብደት በአንድ የወፍጮ ፈረስ ላይ

(በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር ከቀረበ የታሪክ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ከተቀመጥንበት ከዚህ ዳርቻ የምናየው ውኃ ነገሥታትን ሲያስጠጋ የኖረ ውኃ ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈው በዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ ታላቁ ኢያሱም ከዙፋን ርቀው ወደ ደሴት ከገቡ በኋላ በ1699 ዓ.ም. የተገደሉት በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳር ሰው ስለ ተጠጊ ንጉሥ መናገር እንግዳ ነገር መናገር አይሆንም። ዛሬ የማቀርብላችሁ ንጉሥ ግን የሩቅ አገር ሰው ነው። በጦርነት ተሸንፎ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ የጭሰኛ ልብስ ለብሶ፣ ለስድስት ሳምንታት በገዛ አገሩ ውስጥ ተሸሽጎ በመጨረሻ በድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ወደ ስደት የሄደው የእንግሊዙ ዳግማዊ ቻርልስ ነው።

ዘመኑን በእኛ ነገሥታት ለመለካት ያህል፣ በጎንደር ዐፄ ፋሲል ከነገሡ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ንጉሡ የተሸነፈው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1651 ሲሆን፣ እንግሊዞች በዚያን ጊዜ ገና የዩልዮስን አቆጣጠር ይከተሉ ስለነበር ወደ እኛ ቀን ስንመልሰው መስከረም 5 ቀን 1644 ዓ.ም. ይሆናል። አደይ አበባው ገና ሳይጠወልግ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ንግግሬን ለማስጌጥ ብዬ አይደለም፤ የተንከራተተባቸውን ቀኖች ከእኛ መስከረም ጋር አስተያይቼ ስከተላቸው የሰውየው ብርድና ጭቃ ይበልጥ ስለሚገባኝ ነው።

አባቱ ቀዳማዊ ቻርልስ ከፓርላማው ጋር ተዋግቶ፣ ተሸንፎ፣ ተፈርዶበት በጃንዋሪ 30 ቀን 1649 በለንደን አደባባይ አንገቱ ተቀላ። ልጁ ከስደት ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በጃንዋሪ 1 ቀን 1651 በስኮን ዘውድ ጫነ፤ በዚያው ዓመት በእነርሱ በጋ የስኮት ጦር አስከትሎ ወደ እንግሊዝ ዘመተ። እግረ መንገዱን ሕዝቡ ይከተለኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ የተከተለው ግን ጥቂት ነው። በዉስተር ከተማ 16 ሺህ የማይሞላው ሠራዊቱ 28 ሺህ ገደማ የሚሆን የፓርላማው አዛዥ የኦሊቨር ክሮምዌል ጦር ገጠመውና በአንድ ቀን አለቀለት። ማምሻውን ንጉሡ በቅዱስ ማርቲን በር ወጥቶ ጋለበ። ስለ ውጊያው ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የእኔ ጉዳይ የሚጀምረው ከበሩ ውጭ ነው።

ይህ ታሪክ በተነሣ ቁጥር በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ንጉሡ ዛፍ ላይ ወጥቶ መደበቁ ነው። ልብሱም ይወራል፤ ልብሱን ስለ ለወጠ አመለጠ ይባላል። እኔ ደግሞ ታሪኩን ደጋግሜ በመረመርኩት መጠን ልብሱ ከምንም እንዳላዳነው እየታየኝ ሄዷል። እስቲ ልብሱን እንይ።

ሌሊቱን ጋልበው ጎሕ ሲቀድ የደረሱት ዋይት ሌዲስ ወደሚባል ቦታ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተዘጋ የደናግል ገዳም ነበር። ወደዚያ ያመላከተው የደርቢው መስፍን ነው፤ እርሱ ራሱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በሌላ ውጊያ ተሸንፎ በአቅራቢያው በሚገኘው በቦስኮቤል ቤት ተደብቆ ነበርና። በቦታው የነበሩት ፔንደሬል የሚባሉ አምስት ወንድማማቾች ናቸው፤ ዊልያም፣ ጆን፣ ሪቻርድ፣ ሃምፍሪና ጆርጅ። የሰው መሬትና ጫካ የሚጠብቁ፣ ወፍጮ የሚያስፈጩ ድሆች ነበሩ። የንጉሡን ረጅም ፀጉር ቆረጡት፤ ፊቱንና እጁን በጥቀርሻ አጠቆሩት፤ ሸካራ ሸሚዝ፣ የተበጫጨቀ አረንጓዴ ሰደርያና በላብ የወዛ አሮጌ ባርኔጣ አለበሱት፤ በእጁ የእንጨት መቁረጫ ገጀሞ አስያዙት። ለእግሩ የሚሆን ጫማ ግን በመንደሩ አልተገኘም። የተገኘውን ቀዳደው አጠለቁለት፤ እግሩ ቆሳስሎ ደም እስኪያዥ ድረስ በዚያ ጫማ ተጓዘ።

ከጫማው የባሰው ቁመቱ ነው። ፓርላማው የያዘውን ሰው 1,000 ፓውንድ እንደሚሸልም ባወጀ ጊዜ ምልክቱን ሲገልጽ ቁመቱ ከሁለት ያርድ በላይ፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ80 የሚበልጥ፣ ፀጉሩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ብሎ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቁመት በገበያ መካከል እንደ ግመል አንገት የሚታይ ነበር። ገጀሞ ያስያዙትን እጅ ያየ ሰው ደግሞ ያ እጅ እንጨት ቆርጦ እንደማያውቅ ለመገንዘብ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

የመጀመሪያውን ቀን፣ በእኛ መስከረም 6 ማለት ነው፣ ከሪቻርድ ፔንደሬል ጋር በቁጥቋጦ ውስጥ በዝናብ ተቀምጦ ዋለ። የአካባቢው ሰው ሚስት የሆነች አንዲት ሴት ብርድ ልብስና ወተት፣ ቅቤ፣ ዕንቍላል ያለበት ምግብ ይዛ ስትመጣ ንጉሡ ሰው በማየቱ ደነገጠ። ለተቸገረ የንጉሥ ወገን ታማኝ ልትሆን ትችል እንደሆነ ጠየቃት። እርሷም ከማጋለጥ ሞትን እንደምትመርጥ መለሰችለት። ይህችን ሴት በዚህ ምሽት ከንጉሡ አስቀድሜ እንድታስቧት እፈልጋለሁ። አንድ የቀን ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ 1,000 ፓውንድ አያገኝም፤ ንጉሡን የሸሸገ ደግሞ በሞት እንደሚቀጣ ታውጆ ነበር።

ወደ ዌልስ ለመሻገር በሌሊት የተደረገው ሙከራ የወንዙ መሻገሪያ ሁሉ በወታደር በመያዙ ከሸፈ። ሲመለሱ አንድ ወንዝ አጋጠማቸው፤ ሪቻርድ ዋና አያውቅም ነበርና ንጉሡ ቀድሞ ገብቶ እጁን ይዞ አሻገረው። ባላገሩ ንጉሡን መርቶ፣ ንጉሡ ደግሞ ባላገሩን አሻግሮ ቦስኮቤል ደረሱ።

መስከረም 8፣ ቅዳሜ ቀን፣ ስመ ጥሩውን ዛፍ ወጣ። ኦክ የሚባለው የበሉጥ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ተከርክሞ እንደ ገና በማቆጥቆጡ ጥቅጥቅ ብሎ ነበር። ዊልያም ካርሊስ የሚባል ከዉስተር የተረፈ መኰንን አብሮት ወጣ። እንጀራ አላልኩም፤ ዳቦ፣ አይብና ጠላ መሰል መጠጣቸውን ይዘው፣ አንድ ትራስም ተጨምሮላቸው ወጡ። ወታደሮች ከሥራቸው ጫካውን ሲያስሱ ከላይ ያዩአቸው ነበር። ንጉሡ ሌሊቱን አልተኛምና ራሱን በካርሊስ ክንድ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው። የካርሊስ ክንድ ደንዝዞ ሊይዘው አቃተው፤ በድምፅ እንዳይቀሰቅሰው ወታደሩ ከሥር ነው፤ ዝም እንዳይል ንጉሡ ሊወድቅ ነው። ቆንጥጦ ቀሰቀሰው። በዚያ ዓመት ንጉሥን መቆንጠጥ የፍቅር ሥራ ሆነ።

ይህ ዛፍ በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ አድባር ሆኖ ቅቤ ይቀባ ነበር። በእነርሱ ዘንድ ሕዝቡ ከወደደው የተነሣ ቅርንጫፉን ለመታሰቢያ እየቆረጠ ወስዶ ጨረሰው፤ ዛሬ በቦስኮቤል የሚጎበኘው የዚያ ዛፍ ዘር ነው።

ይህን ያህል ሰው፣ ያውም ድሀ፣ እንዴት ዝም ሊል ቻለ የሚለው ጥያቄ ዋናው ጉዳዬ ነው። የፔንደሬል ቤተሰብና የቤቶቹ ባለቤቶች ካቶሊኮች ነበሩ። በእንግሊዝ ሕግ በዚያ ዘመን ካቶሊክ የሆነ ሰው ወደ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ባለመሄዱ መቀጮ ይከፍላል፤ የካቶሊክ ካህን በአገሩ መገኘቱ ብቻ ከ1585 ጀምሮ የአገር ክሕደት ሆኖ በሞት ያስቀጣል። ስለዚህ በየቤቱ ወለልና ጣሪያ ሥር ካህን የሚደበቅባቸው ጠባብ ጉድጓዶች ተሠርተው ነበር። የመደበቅ ጥበብ፣ በሌሊት የመምራት ጥበብ፣ ወታደር ሲጠይቅ ፊትን ሳይለውጡ የመመለስ ጥበብ ለእነዚህ ሰዎች ከአባት የወረሱት ነገር ነበር። ንጉሡ ከዛፉ ወርዶ ሌሊት የተኛበት የቦስኮቤል ጉድጓድ የተቆፈረው ለእርሱ አልነበረም። የእርሱ አያትና አባት የፈረሙባቸው ሕጎች ያሳደዷቸው ሰዎች ለካህናቶቻቸው ያዘጋጁት ነው። እነዚያ ሰዎች በሰላሙ ጊዜ የገዛ ንጉሣቸው ሕግ ያስተማራቸውን ዝምታ በመከራው ቀን ለንጉሡ መለሱለት።

በዚህ ነጥብ ላይ ወደ ጣና ልመልሳችሁ። ጎርጎራ የሄዳችሁ የኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ፍርስራሽ አይታችኋል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ ሞክረው አገሩ በደም ከታጠበ በኋላ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነግሠው ሚስዮናውያኑን አስወጡ፤ በስውር የቀሩትም ተገደሉ። ሁለቱ አገሮች በምንም ነገር አልተገናኙም። ሆኖም በዚያው ትውልድ፣ አንዱ አገር ሌላውን ሳያውቀው፣ ያው እምነት በሁለቱም ተሸሽጎ ይኖር ነበር። እኛ የምንማረው የአሳዳጁን ዜና መዋዕል ነው፤ የተሸሸገው ሰው በማን ጎተራ እንዳደረ፣ ማን ምግብ እንዳመላለሰለት የጻፈልን የለም። የቻርልስ ታሪክ ለእኔ የከበረው እዚህ ላይ ነው፤ የጎተራውን ባለቤት ስም እናውቃለን።

ከቦስኮቤል ወደ ሞዝሊ ሲሄድ እግሩ መራመድ ስላልቻለ ሃምፍሪ ፔንደሬል የወፍጮ ፈረሱን አመጣ። ዱቄት መሸከም የለመደ፣ ርምጃው የከበደ ፈረስ ነው። ንጉሡ እንዲህ ያለ ደካማ ፈረስ ተቀምጬ አላውቅም ብሎ አማረረ። ሃምፍሪም የሦስት መንግሥታት ክብደት በጀርባው ላይ ሳለ ፈረሱ ቀስ ቢል ሊፈረድበት አይገባም ብሎ መለሰ። እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና አየርላንድን ማለቱ ነው። ይህ ሃምፍሪ ከአንድ ቀን በፊት ግብር ሊከፍል ሄዶ በአንድ መኰንን እጅ ወድቆ ስለ ንጉሡ ተመርምሮ፣ ሽልማቱም ቅጣቱም ተነግሮት ነበር። አላውቅም ብሎ ተመልሶ የሰማውን ለንጉሡ ነገረው። ንጉሡ ድሀ ሰው እንዲህ ባለ ገንዘብ እንዳይፈተን ሲሰጋ፣ ካርሊስ ገንዘቡ መቶ ሺህ ቢሆንም ለውጥ አያመጣም ብሎ አጽናናው።

በሞዝሊ የቤቱ ጌታ ቶማስ ዊትግሪቭና ካህኑ ጆን ሃድልስተን በሌሊት ተቀበሉት። ዊትግሪቭ ከወንድማማቾቹ መካከል ንጉሡ የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶት ነበር። የቆሰለ እግሩ ታጠበለት፤ ካህኑ የራሱን ንጹሕ ሸሚዝ ሰጠው። በማግስቱ ወታደሮች ቤቱን ከበቡ፤ የመጡት ዊትግሪቭ በዉስተር ተዋግቷል ብለው ነበር። እርሱ በር ወለል አድርጎ ከፍቶ በሕመም ከቤት እንዳልወጣ ሲያስረዳቸው ንጉሡ በካህኑ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ሃድልስተን የሚለውን ስም ያዙልኝ።

ከዚህ በኋላ አንዲት ሴት የመንገዱን መሪነት ተረከበች። ጄን ሌን የቤንትሊ ባላባት እኅት ስትሆን፣ በብሪስቶል አጠገብ አቦትስ ሊ ወደምትኖር ነፍሰ ጡር ወዳጇ ከአንድ አሽከር ጋር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ነበራት። ንጉሡ «ዊልያም ጃክሰን» የሚባል የጭሰኛ ልጅ ሆኖ፣ በአንድ ፈረስ እርሷን ከኋላው አስቀምጦ ወጣ። በእኛ ቋንቋ ስታስቡት ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባችኋል። አንቱ ሲባል ያደገ ሰው አንተ ሲባል ቀና ሳይል መቆየት አለበት፤ እርሷም አንድ ጊዜ «ይምጡ» ብትል ሁሉም ያከትማል።

በመንገድ ፈረሱ የኮቴ ብረቱ ወለቀ። ንጉሡ ለቀጥቃጩ እግሩን ይዞለት ወሬ ጠየቀው። ቀጥቃጩ ያ ወሮበላ ቻርልስ ስቱዋርት መያዙን እንዳልሰማ ነገረው። ንጉሡም ቢያዝ ስኮቶችን ስላመጣብን ከሁሉ ይልቅ እርሱ ሊሰቀል ይገባዋል አለ፤ ቀጥቃጩ እንደ ደግ ሰው ተናገርክ ብሎ አመሰገነው። እዚህ ላይ አስመሳዩ ተሳካለት። በዚያው ምሽት ባደሩበት ቤት ደግሞ ወጥ ቤቷ በእሳት ላይ ያለውን ሥጋ የሚያዞረውን መዘውር እንዲጠመዝዝ አዘዘችው። እንዴት እንደሚያዝ አላወቀም። እርሷ ከየት የመጣህ ሰው ነህ ብላ ስትቆጣ፣ የድሀ ጭሰኛ ልጅ ነኝ፣ በቤታችን ሥጋ የምንጠብሰው ከስንት አንዴ ነው፣ ስንጠብስም መዘውር የለንም አለ። አመነችው። ከልብሱ ሁሉ ይልቅ ያዳነው ይህ መልስ ይመስለኛል፤ የድሀ ቤት ምን እንደሚጎድለው በእነዚያ ጥቂት ሌሊቶች አይቶት ነበርና።

አቦትስ ሊ በደረሰ ጊዜ በንዳድ ታሟል ተብሎ ብቻውን ክፍል ተሰጠው። በእኛ የመስቀል ደመራ ነድዶ ባደረበት ማግስት፣ መስከረም 17፣ እርሱ እዚያ ነበር። ፖፕ የሚባለው የቤቱ ጠጅ አሳላፊ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበርና ለየው። ለየው፤ ዝም አለ፤ መርከብ ለመፈለግም ወጣ። ልብሱን ያለፈ ዐይን ሁሉ እንዲህ ሲዘጋ እናያለን።

እኛ ከቅርቡ ዘመን ለማነጻጸር ልጅ ኢያሱ አሉን። በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ ግዞት የሴት ልብስ ለብሰው ወጡ ተብሎ በሰፊው ይነገራል፤ አቅጣጫቸው ወደዚህ ወደ ጎጃም ነበር። ሳይደርሱ ተያዙ፤ በጉዳዩ ራስ ኃይሉም ተጠይቀው ሥልጣናቸውን አጡ። አምላጭ ልብስ ሊያገኝ ይችላል። ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚያሳልፉት አምስት ወንድማማቾች ግን በአንድ ቀን አይገኙም።

የቀረውን መንገድ በአጭሩ ልለፈው። በትሬንት መንደር ተደብቆ ሳለ ሕዝቡ ንጉሡ ሞተ ብሎ ደወል ሲደውል በመስኮት ሰማ። በቻርማውዝ የተስማማው ባለ ጀልባ በቀጠሮው ሳይመጣ ቀረ። በብሪድፖርት ወታደር የሞላበት የእንግዳ ማረፊያ ቅጥር ገብቶ ፈረሶቹን እየሳበ መካከላቸውን ገፍቶ አለፈ። በመጨረሻ በኦክቶበር 15 ንጋት፣ ማለትም ጥቅምት 17 ቀን 1644 ዓ.ም.፣ ከሾርሃም ኒኮላስ ታተርሴል በሚባል ካፒቴን መርከብ ተሳፈረ። በዚያው ቀን መሸሸጊያውን ያመላከተው የደርቢው መስፍን በቦልተን ከተማ አንገቱ ተቀላ። አንዱ ሲሻገር ሌላው ከፈለ፤ ይህን ሳላነሣ ባልፍ ታሪኩን ባጎደልኩት ነበር።

ንጉሡ በማግስቱ በፈረንሳይ ፌካም ወረደ። በሩዋን ያረፉበት ቤት ሰዎች ከመልካቸው የተነሣ እንግዶቹ ከመሄዳቸው በፊት የተሰረቀ ዕቃ እንዳለ ክፍሉን ፈተሹ። ጄን ሌንም ምስጢሩ እየወጣ በመምጣቱ እንደ ባላገር ሴት ለብሳ፣ ከወንድሟ ጋር በእግሯ እስከ ባሕር ተጉዛ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደች። ያሸሸችውን ሰው ልብስ እርሷም ለበሰችው።

ከስምንት ዓመት ተኩል ስደት በኋላ በሜይ 29 ቀን 1660፣ በልደቱ ቀን፣ ለንደን ገባ። ለፔንደሬሎች የሰጠው ጡረታ ዘላለማዊ ነበርና እስከ ዘመናችን ድረስ ለዘሮቻቸው ሲከፈል ኖሯል። ታሪኩን ደጋግሞ መናገር ይወድ ነበር፤ በ1680 በኒውማርኬት ለሳሙኤል ፒፕስ ተረከለትና ፒፕስ ጻፈው። ግን ያሸሸጉትን ሰዎች እምነት ነጻ ለማውጣት አልቻለም። ከ1678 በኋላ በካቶሊኮች ላይ ስደት ሲነሣ ሕጉ ሳይሻር፣ ሃድልስተንና ፔንደሬሎች ብቻ በስማቸው ተለይተው እንዳይነኩ ተደረገ። ለሌላው ካቶሊክ ጉድጓዱ እንደተቆፈረ ቀረ።

በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1685 ምሽት ንጉሡ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ወንድሙ ጄምስ በጆሮው ካህን ላምጣ ብሎ ጠየቀው፤ አዎን አለ። ክፍሉ በጳጳሳትና በመኳንንት የተሞላ ስለነበር እንዲወጡ ተደረገ። ሃድልስተን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተገኘ፤ አርጅቷል። በካህንነቱ እንዳይታወቅ ሰው ሠራሽ ፀጉር አጥልቀውለት፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ካህን ልብስ አልብሰውት፣ በጓሮ ደረጃ አስገቡት። ጄምስ ወደ አልጋው አቅርቦት፣ ይህ ሰው አንድ ጊዜ ሕይወትህን አድኗል፣ አሁን ደግሞ ነፍስህን ሊያድን መጥቷል አለው። ንጉሡም በደከመ ድምፅ «እንኳን ደኅና መጣ» አለ።